ከቫይኪንግ መሪዎች የማን ሥራ ቀረ?

ጥያቄ፦ «ስለ ቫይኪንጎች የተሠራ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተመለከትሁ። ራግናር ሎድብሮክ የሚባለው መሪ በጣም ማረከኝ፤ ጓደኛዬ ግን እንዲህ የሚባል ሰው አልኖረም ይለኛል። ከመሪዎቻቸው መካከል በእርግጥ የኖሩት እነማን ናቸው? ዘራፊዎች ብቻ ከነበሩስ ከሺህ ዓመት በኋላ ስማቸው ለምን ይነሣል? ትተውት ያለፉት ነገር ምንድን ነው? መቃብሩ የታወቀ አለ?»

ምላሽ፦

ጓደኛዎ ከእውነት ብዙ አልራቁም፤ ነገሩ ግን «ኖሯል» ወይም «አልኖረም» በሚል አንድ ቃል አይዘጋም። በ845 የሆነውን ልንገርዎ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር 120 መርከቦች የሴንን ወንዝ ሽቅብ እየቀዘፉ ፓሪስ ደረሱ። የምዕራብ ፍራንኮች ንጉሥ ቻርልስ፣ «መላጣው» የሚባለው፣ ሊመክታቸው ስላልቻለ 7,000 ፓውንድ ብር ከፍሎ መለሳቸው። የጊዜው የፍራንክ ጸሐፊዎች የዘራፊዎቹን አለቃ ስም «ሬጊንሄሪ» ብለው መዝግበዋል፤ ብዙም ሳይቆይ በበሽታ መሞቱንም ጽፈዋል። ይህ ሰው ኖሯል። እርስዎ የተመለከቱት ራግናር ግን ከዘንዶ የተዋጋ፣ ጸጉራም ሱሪ የለበሰ (ሎድብሮክ ማለት ይኸው ነው)፣ በመጨረሻም በእንግሊዝ ንጉሥ ትእዛዝ እባብ በሞላበት ጉድጓድ ተጥሎ የሞተ ጀግና ነው። ይህን የሚተርኩት ጽሑፎች ከፓሪሱ ዘረፋ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው የተጻፉ ናቸው። የብዙ ሰዎች ሥራ በአንድ ስም ላይ ተከምሯል ብዬ አምናለሁ፤ የብዙ የታሪክ ሊቃውንትም ሐሳብ ወደዚህ ያዘነብላል።

ቫይኪንጎች ስለ ራሳቸው እምብዛም አልጻፉም። የሩን ፊደላቸውን በድንጋይ፣ በእንጨትና በአጥንት ላይ አጭር ቃል ለመቅረጽ እንጂ ታሪክ ለመተረክ አልተጠቀሙበትም። በዘመናቸው ታሪካቸውን የጻፉት የተዘረፉት ሰዎች ናቸው፤ ሳጋ የሚባሉትን ትረካዎች ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው አይስላንድ ውስጥ የጻፏቸው ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ አንድን መሪ በታሪክ ሰውነት ከመቀበሌ በፊት በራሱ ዘመን የቆመ ድንጋይ፣ በስሙ የተመታ ገንዘብ፣ ወይም ጠላቱ ነገሩ ሳይበርድ የጻፈውን ቃል እፈልጋለሁ። በዚህ ሚዛን ራግናር ይቀልላል። «ልጆቹ» የሚባሉት ግን ከባድ ናቸው።

በ865 እንግሊዞች «ታላቁ ጦር» ያሉት ሠራዊት በምሥራቅ እንግሊዝ አረፈ። በመሪዎቹ መካከል ኢቫር፣ ሃልፍዳንና ኡባ ነበሩበት። የራግናር ልጆች መሆናቸውን የሚናገረው የኋላው ትረካ ነው፤ መኖራቸውን ግን የጠሏቸው ሰዎች መስክረዋል። በቀጣዩ ዓመት ዮርክን ያዙ። በ867 ከተማዋን ለማስመለስ የመጡት ሁለት የኖርተምብሪያ (በሰሜን እንግሊዝ የነበረ መንግሥት) ነገሥታት በውጊያው ወደቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ በትረካው ራግናርን ለእባብ የሰጠው ኤላ ነው። በ869 የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ኤድመንድ ተገደለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል በ876 ሥር በአጭሩ ይነግረናል፦ ሃልፍዳን የኖርተምብሪያን መሬት ለሰዎቹ አከፋፈለ፤ እነርሱም ማረስና ራሳቸውን መመገብ ጀመሩ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳስተምር ሁልጊዜ እቆምባታለሁ። ተማሪዎቼ በዙሪያዋ ያለውን እሳትና ደም እየፈለጉ ያልፏታል። ለእኔ ግን የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ነው። ቫይኪንግ የሚለው ቃል በመሠረቱ የሕዝብ ስም አልነበረም፤ በባሕር ለዘረፋ የሚወጣ ሰው የሚጠራበት ነበር። ያ ሰው አገሩ ሲመለስ ገበሬ፣ አሣ አጥማጅ ወይም ነጋዴ ነው። ዘርፎ ወደ አገሩ የተመለሰው መሪ ብሩን በላ፤ ለመርከበኞቹ አከፋፈለ፤ ሲሞትም ስሙ ወደ ተረት ሄደ። ሥራው የቀረው በያዘው አገር መሬት አካፍሎ፣ ሕግ አውጥቶ የተቀመጠው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሰዎች የመረጥሁት በዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን «ዘራፊዎች ብቻ ነበሩ ወይ?» ላሉት ሳልሸፋፍን ልመልስ። ብቻ አልነበሩም፤ ዘራፊነታቸውን አቅልሎ መናገርም ትልቅ በደል ነው። በ793 በእንግሊዝ የሚገኘውን የሊንዲስፋርንን ገዳም ሲያጠቁ መነኮሳቱን ገድለዋል፤ የቀሩትንም ማርከው ወስደዋል። የአየርላንድ ዜና መዋዕሎች በ821 ከሃውዝ ብዙ ሴቶች ተማርከው መወሰዳቸውን ይናገራሉ። በ841 የመርከብ ሠፈር ሆና የተመሠረተችው ደብሊን ቆይታ ከምዕራብ አውሮፓ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ሆነች። በዛሬው የአይስላንድ ሕዝብ ላይ የተደረገው የዘር ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ከወንዶቹ ሰፋሪዎች የሚበዙት ከስካንዲኔቪያ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የመጡ ነበሩ። ከእነዚያ ሴቶች ስንቶቹ በፈቃዳቸው መርከብ ላይ እንደ ወጡ ያስቡት። የመሪዎቹን ስም ስንጠራ ከመርከቡ ወለል ላይ ታስረው የተቀመጡት አብረው እንዲታወሱ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ መሪዎቹ። ብዙ ሰው ስሙን ከማያውቀው ከጉትሩም ልጀምር። ጉትሩም ከታላቁ ጦር አለቆች አንዱ ነበር። በ878 ጥር ወር፣ ሰው ሁሉ የበዓል ድካሙን ሲያርፍ፣ በድንገት ቺፐናም ላይ ወርዶ የዌሴክስን ንጉሥ አልፍሬድን ረግረግ ውስጥ እስኪደበቅ ድረስ አሳደደው። ነጻ የቀረ ሌላ የእንግሊዝ መንግሥት አልነበረም ማለት ይቻላል። በግንቦት ግን አልፍሬድ ጦሩን ሰብስቦ ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገው። አልፍሬድ በጠላቱ ላይ ያደረገው ነገር አስገራሚ ነው፤ አልገደለውም። ጉትሩም ከሠላሳ ሹማምንቱ ጋር ተጠመቀ፤ አልፍሬድ ራሱ የክርስትና አባት ሆኖ ከውኃው አነሣው፤ «አትልስታን» የሚል የክርስትና ስም ሰጠው፤ 12 ሌሊትም አብሮት አስቀምጦ በስጦታ ሸኘው። ጉትሩም ወደ ምሥራቅ አንግሊያ ሄዶ መሬቱን ለሰዎቹ አከፋፈለ፤ በአዲሱ ስሙ ገንዘብ አስመታ፤ በ890 እስኪሞትም ነገሠ።

ሁለቱ የተዋዋሉት ቃል ዛሬም አለ። ድንበሩ በቴምዝ ሽቅብ፣ ከዚያ በሊ ወንዝ እስከ ምንጩ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤድፎርድ፣ ከዚያም በኡዝ ወንዝ ወደ ጥንቱ የሮማውያን መንገድ ይሄዳል። እንግሊዛዊ ቢገደል ዴንም (የዴንማርክ ሰው) ቢገደል የደም ካሳው እኩል እንዲሆን ይደነግጋል። ሰው ባሪያን፣ ፈረስን ወይም በሬን ሲገዛ ዋሱን እንዲያውቅ ያዝዛል። ትናንት ሲተራረዱ የነበሩ ሰዎች ስለ በሬ ግዢ ዋስ ሲነጋገሩ ማየት እኔን ከየትኛውም ውጊያ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ኤድመንድን ከገደሉት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ የዚያው አገር ዴኖች «ቅዱስ ኤድመንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ገንዘብ ያስመቱ ነበር።

ዴኖች የሰፈሩበት የእንግሊዝ ክፍል በኋላ «ዴንሎ» ተባለ፤ የዴኖች ሕግ የሚሠራበት አገር ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሕግን የሚጠራው «ሎው» የሚለው ቃል ራሱ ከእነርሱ ቋንቋ የመጣ ነው። «ሃዝባንድ» በመጀመሪያ የቤት ባለቤት ማለት ነበር። «ዊንዶው» የነፋስ ዓይን ማለት ነው። ቢላዋን፣ እንቁላልንና ሰማይን የሚጠሩት የእንግሊዝኛ ቃላትም የእነርሱ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው «እነርሱ» የሚለው ተውላጠ ስም፣ «ዘይ»፣ ከኖርስ፣ ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ፣ መወሰዱ ነው። ሕዝብ ዕቃ ሲገዛ የዕቃውን ስም ይዋሳል፤ ተውላጠ ስም የሚዋሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር ለትውልድ ሲጋባና በአንድ ገበታ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ደርቢ፣ ዊትቢ፣ ግሪምስቢ የሚሉት የከተማ ስሞችም መጨረሻቸው «ቢ» የሆነው ቃሉ በኖርስ መንደር ማለት ስለሆነ ነው።

ሮሎ የሚባለው ሌላው የቫይኪንግ መሪም በፈረንሳይ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በ911 ሻርትር ላይ ተሸንፎ ሳለ ንጉሥ ቻርልስ «የዋሁ» በሴን ወንዝ አፍ ያለውን አገር ሰጠው፤ ሮሎም በበኩሉ ተጠምቆ ወንዙን ከሌሎች ቫይኪንጎች ሊጠብቅ ቃል ገባ። በ918 የተጻፈ የንጉሡ ሰነድ መሬቱ ለሮሎና ለሰዎቹ የተሰጠው መንግሥቱን ለመጠበቅ እንደ ሆነ ያረጋግጣል። ሌባን ዘበኛ ማድረግ ይመስላል፤ ግን ሠርቷል። ሮሎ የንጉሡን እግር ሳም ቢባል እምቢ ብሎ ጭፍራውን እንዳዘዘ፣ ጭፍራውም ሳይንበረከክ እግሩን ወደ አፉ ሲያነሣ ንጉሡ በጀርባው እንደ ወደቀ የሚነገረውን ሰምተው ይሆናል። ያን የጻፈው ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ በሮሎ ልጆች ቤት ደመወዝ እየበላ ነው የጻፈው፤ እንደዚያ አድርገው ያንብቡት። ያው ጸሐፊ የተወልን ሌላ ነገር ግን እምነት የሚጣልበት ይመስለኛል። የሮሎ ልጅ ዊልያም የገዛ ልጁ የአያቶቹን ቋንቋ እንዲማር ወደ ባዮ ከተማ ላከው፤ ምክንያቱም በዋና ከተማቸው በሩዋን ኖርስ የሚናገር ጥቂት ሆኖ ነበር። ሁለት ትውልድ እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው! የሰሜን ሰዎች የሚለው ስም ኖርማን ሆኖ ቀረ፤ አገሩም ኖርማንዲ ተባለ። ከሮሎ በአምስተኛው ትውልድ የተወለደው ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ያዘ፤ ሌሎች ኖርማኖች ደግሞ በደቡብ ጣሊያንና በሲሲሊ መንግሥት መሠረቱ።

ወደ ምሥራቅ የሄዱት በብዛት ከስዊድን ናቸው። የኪየቭ መነኮሳት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባጠናቀሩት ዜና መዋዕል መሠረት፣ በሰሜን ያሉ የስላቭና የፊን ነገዶች እርስ በርሳቸው ሲፋጁ ቆይተው በ862 ባሕር ማዶ መልእክት ላኩ፤ አገራችን ሰፊና ሀብታም ናት፤ ሥርዓት ግን የላትም፤ መጥታችሁ ግዙን አሉ። ሩሪክም ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ ይላል። ሕዝብ ገዥውን በደብዳቤ ጠራ የሚል ታሪክ የገዥው ዘሮች በነገሡበት ቤት ሲጻፍ ጥርጣሬ ይገባል፤ ሩሪክን የሚመሰክርለት የዘመኑ ጽሑፍም የለም። ሕዝቡ ግን ጽኑ ምስክር አለው። በ839 ከቁስጥንጥንያ ወደ ፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት የተላኩ መልእክተኞች ራሳቸውን «ሮስ» ብለው የሚጠሩ ሰዎችን ይዘው መጡ፤ ሲመረመሩ ስዊድናውያን ሆነው ተገኙ። ሩስ የሚለው ስም ከመቅዘፍ ጋር ከተያያዘ የኖርስ ቃል የመጣ እንደ ሆነ የብዙዎቹ ሊቃውንት ሐሳብ ነው፤ ፊኖች እስከ ዛሬ ስዊድንን «ሩኦትሲ» ይሏታል።

ሩሪክ ጥላ ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡት ሥጋና ደም ያላቸው ናቸው። ሄልጊ በስላቭ አፍ ኦሌግ ሆነ፤ ኢንግቫር ኢጎር፣ ሄልጋ ደግሞ ኦልጋ። የኢጎርና የኦልጋ የልጅ ልጅ ቭላድሚር በ988 የቁስጥንጥንያን ክርስትና ተቀበለ፤ ሩስያ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ የኦርቶዶክስ አገር መሆናቸው ከዚህ ይጀምራል። በገንዘቡ ላይ ያስመታው ባለ ሦስት ጣት ምልክት ዛሬ የዩክሬን መንግሥት አርማ ነው። ከሩሪክ ዘር ነን የሚሉት መሳፍንት በሞስኮ እስከ 1598 ነገሡ። ከሁሉም ቫይኪንጎች በሰፊው ምድር ላይ ሥር የሰደደው የእነዚህ ሥራ ነው፤ አሳዛኙ ነገር ይኸው ታሪክ ዛሬም የጦርነት መከራከሪያ መሆኑ ነው።

ሌፍ ኤሪክሰንን በአጭሩ አልፈዋለሁ። አባቱ ቀዩ ኤሪክ በ985 ገደማ ሰፋሪዎችን ወደ ግሪንላንድ መራ፤ ሌፍ ደግሞ በ1000 አካባቢ ከኮሎምበስ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ የሰሜን አሜሪካን ምድር ረገጠ ይላሉ ትረካዎቹ። በዚህ ጉዳይ ትረካዎቹ ትክክል ነበሩ። በ1960 ኖርዌያዊው ሄልጌ ኢንግስታድና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ባለቤቱ አን ስቲን በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ላንስ ኦ ሜዶውስ በተባለ ስፍራ የኖርስ ቤቶችን ፍርስራሽ አገኙ። በ2021 የታተመ ጥናትም እዚያ የተገኙ እንጨቶች በብረት መሣሪያ የተቆረጡት ልክ በ1021 መሆኑን አረጋገጠ። በ993 ከፀሐይ የመጣ ኃይለኛ ማዕበል በዓለም ዛፎች ሁሉ ውስጥ ምልክት ትቷል፤ ከዚያ ቀለበት እስከ ቅርፊቱ ቆጥረው ነው የደረሱበት። ግኝቱ ድንቅ ነው። ሰፈሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ተትቷል፤ አውሮፓ ይህን ጉዞ ወደ ሕይወቱ አላስገባውም። አሜሪካ ጥቅምት 9ን የሌፍ ኤሪክሰን ቀን ብላ ታከብራለች፤ ክብሩ ይገባዋል፤ ተጽዕኖው ግን ከጉትሩም የበሬ ዋስ ያነሰ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ምስክር ከተባለ ከሃራልድ ብሉቱዝ የሚበልጥ የለም፤ ምስክሩን ራሱ አቁሞልናልና። በዴንማርክ ጄሊንግ በምትባል መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ድንጋይ አለ። ንጉሥ ሃራልድ ይህን መታሰቢያ ለአባቱ ለጎርምና ለእናቱ ለቲራ እንዲሠራ አዘዘ ይላል፤ ሲቀጥልም ያ ሃራልድ ዴንማርክን በሙሉና ኖርዌይን ለራሱ ያስገኘ፣ ዴኖችንም ክርስቲያን ያደረገ መሆኑን ይናገራል። በአንደኛው ገጹ ላይ ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ፣ እንደ ሐረግ በሚጠላለፍ ጌጥ ተከቦ ተቀርጿል። ዴኖች «የዴንማርክ የልደት ምስክር ወረቀት» ይሉታል፤ ምስሉንም በፓስፖርታቸው ውስጥ አትመውታል። ሃራልድ በ980 አካባቢ በገመድ የተለኩ ይመስል ፍጹም ክብ የሆኑ የጦር ሰፈሮችን በአገሩ በየአቅጣጫው አሠራ፤ ከጄሊንግ በስተ ደቡብ ባለው ረግረግ ላይም 760 ሜትር የሚረዝም የእንጨት ድልድይ ዘረጋ። ይህ ሁሉ እንጨትና ጉልበት ከሕዝቡ የወጣ ነው። የገዛ ልጁ ስቬን ሲያምፅበት ብዙዎች የተከተሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሃራልድ ቆስሎ ተሰደደ፤ በስደትም ሞተ። ድልድዩን የጠገነው የለም።

በስልክዎ ውስጥ ያለው ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። በ1996 ኢንቴል፣ ኤሪክሰንና ኖኪያ የአጭር ርቀት የሬዲዮ መገናኛን በአንድ ደንብ ለማስተዳደር ሲመክሩ፣ የኢንቴሉ መሐንዲስ ጂም ካርዳክ ዴኖችን አንድ ያደረገውን ንጉሥ አስታውሶ ለጊዜው ብሎ ያቀረበው ስም ነበር፤ ጊዜያዊው ስም ቋሚ ሆነ። ምልክቱን ልብ ብለው ይዩት፤ «ሀ» እና «በ» የሚሉ ድምፆች ያሏቸው ሁለት የሩን ፊደላት፣ የሃራልድና የብሉቱዝ መነሻዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ነው። ቅጽል ስሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ በጽሑፍ የሚገኘው ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በእኔ ዳኝነት ከሁሉም የሚበልጠው የሃራልድ የልጅ ልጅ ክኑት ነው። ጅማሬው ክፉ ነው። በ1002 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤተልሬድ በአገሩ ያሉ ዴኖች እንዲገደሉ አዘዘ፤ የክኑት አባት ስቬንም ለዓመታት ተመላልሶ ወግቶ በ1013 እንግሊዝን ያዘ፤ በወራት ውስጥ ግን ሞተ። ወጣቱ ክኑት ተገዶ ሲሸሽ፣ ለአባቱ የተሰጡትን መያዣ እስረኞች እጃቸውን፣ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን አስቆርጦ በሳንድዊች ወደብ ጥሏቸው ሄደ። በ1015 ተመልሶ መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ አሳንደን በተባለ ስፍራ ድል አደረገ፤ ከእርሱ ጋር አገር የተካፈለው የኤተልሬድ ልጅ ኤድመንድ «የብረት ጎን»ም በኅዳር መጨረሻ ሞተ። በ1018 ክኑት ከእንግሊዝ 72,000 ፓውንድ፣ ከለንደን ብቻ ደግሞ 10,500 ፓውንድ ግብር ተቀበለ። ይህ ከዚያ በፊት ከተከፈለው ሁሉ የከበደ ነበር።

ግን በዚያ ገንዘብ ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። ለጦሩ ከፍሎ አሰናበተው፤ የቀሩት አርባ መርከቦች ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ዴኖችና እንግሊዞች ኦክስፎርድ ላይ ተሰብስበው በቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ በኤድጋር ሕግ ለመኖር ተስማሙ። ቀደም ሲል ቫይኪንጎችን የእግዚአብሔር ቁጣ ናቸው ብሎ ሲሰብክ የነበረውን የዮርኩን ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታንን ሕጉን እንዲጽፍለት አደረገ። የኤተልሬድን ሚስት ኤማን አገባ፤ እርሷ ደግሞ የሮሎ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። በ1018 ወይም በ1019 የዴንማርክን ዙፋን ወረሰ፤ በ1028 ኖርዌይን ያዘ። የሰሜን ባሕር በአንድ ንጉሥ እጅ ሲገባ፣ እንግሊዝን ለሁለት መቶ ዓመት ሲያቃጥል የኖረው ዘረፋ ቆመ። ጫካውን የሚያውቀው አዳኙ ራሱ ጠባቂ ሆነ።

በ1027 ወደ ሮም ሄዶ የንጉሠ ነገሥት ኮንራድ ዳግማዊን ዘውድ መጫን ተገኘ። ከዚያ ሲመለስ ለእንግሊዝ ሕዝብ የላከው ደብዳቤ እጅግ ልብ የሚነካ ነው። በየመንገዱ ተሳላሚዎችንና ነጋዴዎችን ያስመረረው ቀረጥ እንዲቀል ከነገሥታቱ ጋር መነጋገሩን ይነግራቸዋል። በወጣትነቱ ስድነትና ቸልታ የበደለውን ሊያርም መወሰኑን ይገልጻል። ሹማምንቱ ለንጉሥ ነው እያሉ ያለ ፍርድ ከማንም ገንዘብ እንዳይወስዱ፣ በግፍ የተሰበሰበ ሀብት እንደማያስፈልገው ይናገራል። በሳንድዊች የተቆረጡት እጆች አይመለሱም። ደብዳቤውን ባነበብሁ ቁጥር ግን የሚናገረው ያው ሰው መሆኑ ያሳስበኛል፤ አንዱን ለሌላው ስል ልረሳው አልችልም።

ሰዎች ስለ ክኑት የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር በባሕር ዳር ዙፋኑን አስቀምጦ ማዕበሉን «ተመለስ» ብሎ ያዘዘ ሞኝ መሆኑን ነው። ይህ ታሪኩን መገልበጥ ነው። በመጀመሪያ የጻፈው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሊቀ ዲያቆን ሄንሪ እንደሚለው፣ ውኃው እግሩን ባራሰው ጊዜ ንጉሡ የነገሥታት ሥልጣን ከንቱ መሆኑን ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ሰማይና ባሕር የሚታዘዙለት ብቻ ንጉሥ ይባላል አለ፤ ከዚያም ዘውዱን በስቅለቱ ሥዕል ላይ ሰቀለው እንጂ ዳግመኛ አልደፋውም። ድርጊቱ ተፈጽሟል ብዬ አልምልም፤ ትምህርቱ ግን የንጉሡ ትሕትና እንጂ ሞኝነቱ አልነበረም።

ክኑት በ1035 ሲሞት ዕድሜው ከአርባ ብዙም አላለፈም፤ ልጆቹም በሰባት ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ያ ትልቅ ግዛት ፈረሰ። በመስከረም 1066 የመጨረሻው ታላቅ ቫይኪንግ የሚባለው ሃራልድ ሃርድራዳ፣ በቁስጥንጥንያ የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ሆኖ የተዋጋውና በኋላ የኖርዌይ ንጉሥ የሆነው፣ በ300 ገደማ መርከቦች ዮርክ አጠገብ አረፈ። በስታምፎርድ ብሪጅ ተገደለ፤ ከሞት የተረፉትን ለመመለስ 24 መርከቦች በቁ። ከሦስት ቀን በኋላ የሮሎ ዘር ዊልያም በደቡብ ዳርቻ ደረሰ።

ስለ መቃብር ለጠየቁት፦ ክኑት የተቀበረው ዊንቸስተር ውስጥ በቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ኖርማኖች ከ1079 ጀምሮ አጠገቡ አዲሱን ካቴድራል ሠርተው አሮጌውን ሲያፈርሱ የነገሥታቱ አጥንት ወደ አዲሱ ተዛወረ። በ1642 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ሣጥኖቹን ሰብረው አጥንቱን በመስኮቶቹ መስተዋት ላይ ወረወሩት። ሕዝቡ የተገኘውን ለቅሞ በስድስት ሣጥኖች አስቀመጠው። በእኛ ዘመን ተመራማሪዎች ከ1,300 በላይ አጥንቶችን አንድ በአንድ አይተው ቢያንስ የ23 ሰዎች መሆናቸውን በ2019 አስታወቁ፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የበሰለች አንዲት ሴት አለች፤ ኤማ ሳትሆን አትቀርም ብለው ያስባሉ። በሣጥኖቹ ላይ የነገሥታቱ ስም ተጽፏል፤ ስሙና በውስጡ ያለው አጥንት ግን አይገጣጠሙም፤ ክኑትም ከእንግሊዝ ነገሥታትና ጳጳሳት ጋር ተደባልቆ እዚያው ሳይኖር አይቀርም።